ከዋልካው ስንጥቅ የምትወጣው ዝንብ

ከሞጣ የተነሣሁት ታናሽ ወንድሜን ይርጋን ከመተማ ቆላ ይዤ ለመመለስ ነው። በሚያዝያ ለምንጣሮ ወርዶ፣ ሰሊጥና ማሽላ ሲያጭድ ከረመ። በታኅሣሥ መግቢያ ደወለና «ጋሼ፣ ወባው አልለቀቀኝም» አለኝ። የባዮሎጂ መምህር አይደለሁ! «መድኃኒቱን ሳትጨርስ አቋርጠህ ነው» ብዬ ተቆጣሁት።

ሸሕዲ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ከጎንደር በሚኒባስ ቁልቁል ወርደን ሸሕዲ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። ከርከዴ አዝዤ ስጠጣ የብርጭቆው ጠርዝ ላይ ዝንብ አረፈች፤ ግራጫ ደረት፣ አራት ጥቁር መስመር፣ ቀይ ዓይን። የሞጣዋ የቤት ዝንብ ራሷ ናት። እዚህም ቀደመችኝ ብዬ ሳቅሁ።

እርሻው፣ ዐሥር ሰዓት

በትራክተር ተሳቢ እርሻው ደረስሁ። ይርጋ ዳስ ውስጥ ተኝቷል። እጁ እንጨት አክሏል፤ ሆዱ ግን ተነፍቷል። መኪና ብፈልግም እስከ ነገ የለም ተባልሁ።

የሠራተኞቹ ሽማግሌ አያ ሙጬ ወደ ግራሩ ጥላ ወሰዱኝ። «መምህር፣ እዚህ አረፍ ይበሉ። ይርጋ እስኪታመም የሚተኛበት ነው። ለምንወደው ሰው ነው የምንሰጠው።» ከጎኑ ጥቁሩ የዋልካ አፈር በረጅሙ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል። ጋደም ስል ደስ አለኝ።

መተማ ዮሐንስ፣ በማግሥቱ

ሐኪሟ የይርጋን ሆድ ዳሰሰች፤ ደሙንም መረመረች። «ወባ አይደለም፣ ካላዛር ነው። ሳይታከም ቢቆይ ይሞት ነበር» አለችና አንድ ብልቃጥ አሳየችኝ። ውስጡ የገለባ ቀለም ያላት፣ የወባ ትንኝን ሲሶ የምታህል ነገር አለች።

«በሽታውን የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ ናት። ክንፏን ቀና አድርጋ ትቆማለች፤ ድምፅ የላትም። ከቋራ እስከ አብርሃ ጅራ ዋልካ ባለበት ሁሉ አለች። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ትውልና ሲመሽ ወጥታ ትነክሳለች።»

«ስንጥቅ ውስጥ?» አልኳት። የግራሩ ሥር መኝታ ትዝ አለኝ። የናቁት ያስረግዛል ማለት ይህ ነው።

እንደገና እርሻው

ይርጋን ሆስፒታል አስተኝቼ፣ አጎበር ገዝቼ ተመለስሁ። በይርጋ ቦታ ሌላ ብርድ ልብስ ተነጥፏል።

«ባዩ ለሚባል ልጅ ሰጠነው» አሉ አያ ሙጬ። «ትናንት ነው ከደጋ የመጣ፤ ሙቀቱ እንዳይከብደው ብለን።»

የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ማሳውን ዳር እስከ ዳር አዩት። «ታዲያ መምህር፣ ያልተሰነጠቀውን ያሳዩን።»

አጎበሩን የባዩ መኝታ ላይ ሰቀልሁና ወጣሁ።

ሞጣ

የይርጋ መርፌ ሲያልቅ አገራችን ገባን። አሁን ይበላል፤ ይስቃልም። እኔ ግን ክፍል ስገባ አፈርሁ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ክረምት ሲመጣ ሰሊጥ ሊያርሙ ይወርዳሉ፤ እኔ በየዓመቱ የማስተምራቸው የቤት ዝንብን ነው። ያችን የአሸዋ ዝንብ በልኳ ሰሌዳው ላይ ሣልኳት።

«አይታየንም!» አሉ ከኋላ።

«እኔም አጠገቧ ተኝቼ አላየኋትም» አልኳቸው። «ቀረብ በሉ።»