«አልሆነም» ያልኩበት መኪና

ቡታጅራ ውስጥ የመኪና ቁልፍ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ ራሱን ይራገማል፣ ቀጥሎ ሚስቱን ይጠረጥራል፣ በመጨረሻ እኔ ጋ ይደውላል። ሥራዬ ይኸው ነው። ሰው መኪናን የሚያስነሳው ብረቱ ይመስለዋል። ብረቱማ ምን አለው! ቁልፉ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቺፕ አለች፤ መኪናው እሷን ካላወቃት ቀኑን ሙሉ ብታዞረው ሞተሩ አይነሳም። እኔ አዲሷን ቺፕ ከመኪናው ጋር አስተዋውቃታለሁ። ጉረኛ በሉኝ፣ ግድ የለኝም፤ በዚህ ሥራ አንድም መኪና አሸንፎኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ «አልሆነም» ብያለሁ። እሱም የገዛ ወንድሜ መኪና ነው።

የአረፋ ሰሞን ነበር። የእኛ ሰው የትም ይኑር የት፣ አረፋ ሲደርስ አገር ቤት ይገባል። አባታችን ከሞተ ወዲህ እናታችን ከእንሴኖ ወጣ ብላ ባለች መንደር ብቻዋን ነው የምትኖረው። ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው፤ አዲስ አበባ ይነግዳል፣ የሚመጣውም በዓመት አንዴ ነው። ያን ዓመት መኪናውን ከአቮካዶው ዛፍ ሥር አቁሞ ገና በቅጡ ሳይቀመጥ ነገሩን አፈረጠው።

«እማ፣ ከበዓሉ በኋላ እኔ ጋ ትሄጃለሽ። ለሁልጊዜ። ክፍልሽ ተዘጋጅቷል። ይህን ቤት እንዘጋዋለን።»

እናቴ አቀርቅራ «ኢንሻ አላህ» አለች። ታላቅ ልጅ በእኛ ዘንድ የአባት ምትክ ነው፤ እምቢ አይባልም። እኔ ግን ድምጿን አውቀዋለሁ። ከአንገት በላይ ነበር።

ለምን አልተናገርክላትም ትሉኝ ይሆናል። ማን ሊሰማኝ! የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እሱ የተከበረ ነጋዴ ወጣው፣ እኔ ብረት የምሞርድ። «የጓጉንቸር ሐኪም» ነው የሚለኝ፣ በሰው ፊት። የበዓሉን ሥጋ በልቼ፣ ዝም ብዬ፣ ወደ ቡታጅራ ሱቄ ተመለስኩ። ጥፋቴን አልክድም።

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው።

«ቁልፉ ጠፋ። ፍራሽ አገላብጠን፣ ጭድ በትነን ፈለግነው፣ የለም። ያን ኮምፒውተርህን ይዘህ ቶሎ ና። ነገ በጠዋት መውጣት አለብን።»

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈለገኝ። ማሽኔን በቦርሳ አንግቼ እስከ እንሴኖ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ልቤ እየዘፈነ ነበር፤ «ዛሬ ያየኛል» እያልኩ። ለምን እንደምሄድ፣ ቁልፉን ስሠራ ማን ከቤቷ እንደምትወጣ፣ ትዝ አላለኝም።

በሩን በቀጭን ሽቦ ከፈትኩና ገብቼ ማሽኑን ከመሪው ሥር ሰካሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ትንሿ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ «ማን ነህ? አላውቅህም» እንደማለት ነው። ማሽኑ መኪናውን ሲያነብ ጊዜ ይወስዳል። ይህን ጊዜ እወደዋለሁ። መስኮቱ ተዘግቶ ድምፅ ሁሉ ይርቃል፤ በመስታወቱ በኩል የእንሰቱ ቅጠል ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ ይታያል። ከእንሰቱ በላይ ተራራው ጉም ለብሷል። ዓይኔ ከደን ከደን አለ። አባቴ በእንሰቱ መሀል ጎንበስ ብሎ የሚሄድ መሰለኝ። ከሞተ ስንት ጊዜው! ግን ያን ከሰዓት እዚያ ነበር፣ ወላሂ፤ ችግኝ በእጁ ይዞ።

ስነቃ ያየሁት እናቴን ነው። ከጓሮ፣ ከቆጮው ጉድጓድ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

እናቴ ጉድጓድ ስትከድን ማየት ነው። ቆጮው እንዲቦካ ቅጠሉን ደራርባ ታለብሰዋለች፣ ከላይ ድንጋዩን ትጭናለች፤ ትልልቁን ዳር ዳሩን፣ ትንንሹን መሀል። ስንት ዘመን ስታደርገው አንድ ድንጋይ ቦታውን ስቶ አላየሁም። ያን ቀን ግን ድንጋዮቹ ተዘበራርቀዋል። ሌባ የከደነው ይመስላል። የበዓሉ ቆጮ እንደሆነ ከበዓሉ በፊት ወጥቷል። ታዲያ ዛሬ ማን ከፈተው? ለምን?

ጋሼ ቤት ውስጥ በስልክ ይጮሃል። እናቴ ውሃ ይዛልኝ መጣች። በሩን ከፈት አድርጌ ስቀበላት እጇ እስከ ክንዷ ቆጮ ቆጮ ይሸታል። ጥፍሯ ሥር ነጩ ሊጥ አለ። ገባኝ። በዕድሜዋ የሰው ዕቃ ነክታ የማታውቅ ሴት!

ወዲያው ማሽኑ ጢጥ አለ። አንብቦ ጨርሶ ጥያቄውን አወጣ፤ ቁልፍ በጠፋ ቁጥር ይህን ይጠይቃል። መኪናው የሚያውቃቸው ቁልፎች በሙሉ ይሰረዙ? አዎ፣ ወይስ አይ።

«እማ» አልኳት ዝቅ ብዬ፣ «አዲስ ከሠራሁ የድሮው ይሞታል። የትም ተቀብሮ ቢገኝ ከዚያ ወዲያ አይሠራም። እናንተም ነገ ትሄዳላችሁ። ልሥራው?»

«ተቀብሮ» ስል ዓይኗን ሰበረች። ፊቷን ወደ እንሰቱ አዞረች።

«ያቺ የዳሯ» አለች፣ «አባትህ መጨረሻ የተከላት ናት። ተፍቃ ቆጮ ለመሆን ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል።»

ጣቴ «አዎ» ላይ ነበር። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ልደብቃችሁ አልችልም፤ ያሰብኩት ስለ እናቴ ብቻ አይደለም፣ ስለ ስሜም ነው። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ሞተሩ ሲነሳ ቢሰማ፣ ከዚያ በኋላ «የጓጉንቸር ሐኪም» ይለኛል? ያቺን ድምፅ ስንት ዓመት ጠብቄአታለሁ። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም አለች።

«አይ»ን ተጫንኩ።

ማሽኑን ነቅዬ ወጣሁ። «ጋሼ፣ አልሆነም። መኪናው እምቢ አለ።»

«እምቢ አለ? ቡታጅራን በሙሉ አዳርሼ ሠራሁ የምትለው ሁሉ ወሬ ነው እንግዲህ?»

«አዲስ አበባ ሁለተኛ ቁልፍ አለህ አይደል? እሱን አምጣ።»

«ድሮም አንተን ብዬ!» አለና ጎረቤት እየሰማ የወረደብኝን ውርጅብኝ አልደግመውም። እውነቱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ እንዲህ አይታኝ አታውቅም። ጋሼ «ቁልፉን ይዤ መጥቼ እማን ከነዕቃዋ እወስዳለሁ» ብሎ በማግስቱ ብቻውን በአውቶቡስ ሄደ። መኪናዋ ከአቮካዶው ሥር ቀረች።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ መጣ። ቁልፉስ? «አይ፣ ረሳሁት!» ግንባሩን መታ። እንደገና በሁለት ሳምንቱ መጣ፤ ቁልፉን ረስቷል፣ ግን የዘመመውን አጥር አቅንቶ ሄደ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ከዛፉ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ከሰዓቱን ሙሉ ተኛ። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ በእንሰት ቅጠል ዝንብ ትከላከልለታለች። የአቮካዶው ጥላ ከመኪናዋ ወርዶ እሱን አልብሶት፣ ከእሱ ወርዶ እሷ ጋ እስኪደርስ ቁጭ ብዬ አየሁ። በዓመት አንዴ ይመጣ የነበረ ሰው! ማናችንም ስለ አዲስ አበባ አላነሳንም።

በአራተኛው፣ ለሶላት ሊታጠብ ጃኬቱን አውልቆ አስያዘኝ። የእኔ እጅ ቁልፍ በጨርቅ ላይም ያውቃል። ኪሱ ውስጥ ነበረች፣ ሁለተኛዋ።

አይ ጋሼ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ታጥቦ ሲመለስ ጃኬቱን ሰጠሁት።

ሰግዶ ሲጨርስ እናቴ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። መሬት መሬት እያየ ነበር።

«እማ… ያ ያልኩሽ ክፍል። ልጆቹ ተጣበው ነበርና ለነሱ ሰጠኋቸው። ቅር አይበልሽ። እኔው እየመጣሁ አይሽ የለ እንዴ።»

እናቴ ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሣች፤ አሁን ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ። ቅጠሉን ገለጠች፣ እጇን እስከ ክንዷ ከታ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ፌስታሉን ፈታ ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። አላፈረችም። አልፈራችም።

«እንካ» አለችው፣ «ልጆቹን ይዘህባት ና።»

ጋሼ ቁልፉን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሽታው ራሱ ነገረው። እናቴን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ! ታውቅ ነበር?»

«የጓጉንቸር ሐኪም ምን ያውቃል፣ ጋሼ?»

ዓይኑ ውሃ ሞላ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ፣ ብዙ ቆየ። እኔም ደፈርኩና የጃኬቱን ኪስ መታ መታ አደረግኩለት፤ ውስጡ ያለችው ቋ አለች። ጋሼን ሳቅ አመለጠው።

ከዚያ በቆጮው ሽታ እየሳቀ ቁልፉን ወደ መኪናዋ አነጣጥሮ ተጫነ። ምንም የለም። ደገመ። ጭጭ። ከኪሱ ያለችውንም አውጥቶ ሞከረ፣ እሷም ያው ናት። ስንት ሳምንት ቆማ የመኪናዋ ባትሪ ሞቷል።

እናቴ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ትስቃለች።

«እንግዲህ ዛሬም አልሆነም» አለች። «እደር።»

አደረ።