«ተቆረጠ» እና «ተበጠሰ»፦ ከባሕር ዳር እስከ ርብ ወንዝ

ባሕር ዳር፣ ሲነጋጋ

ነሐሴ ነው፤ ዘመኑ ደርግ። አውቶቡስ ከቆመ ሰንብቷል። ጎርፉ ነው የሚሉ አሉ፤ ጦርነቱ ነው የሚሉም አሉ፣ ግራ ቀኛቸውን አይተው። የማስተምርባት ወረታ በደኅና ቀን ሩቅ አይደለችም፤ ዛሬ ግን የሚወስደኝ የዳኛቸው ላንድሮቨር ብቻ ነው። ዳኛቸው የስልክ መስመር ሠራተኛ ነው፣ አብሮ አደጌ። ከኋላችን የተጠቀለለ ሽቦ፣ መሰላልና አካፋ ይንኳኳል። በወረታና በጎንደር መካከል ስልክ ከጠፋ ቀናት አልፈዋል፤ እሱን የላኩት ለዚያ ነው።

«እንደ ተሳፋሪ ተዝናንተህ እንዳትቀመጥ፤ ጭቃ ላይ ትገፋለህ» አለኝ ገና ሳልገባ።

ጉማራ ድልድይ፣ ረፋድ

ሐሙሲት ላይ ደረቅ ዳቦ በሻይ አወራረድን። ጾም ስለሆነ ሌላ የሚበላ የለም፤ ጾም ባይሆንም የለም።

ከጉማራ ወዲያ ምድሩ ጠፋ። ፎገራ እንዲህ ነው፤ በበጋ ስንጥቁ እግር የሚውጥ ጥቁር መሬት፣ በክረምት ጣና ወጥቶ የተኛበት ይመስላል። ከብቶቹ ጉብታ ጉብታው ላይ ተጨናንቀው ቆመዋል። የአምራቾች ማኅበሩ ሩዝ ከውኃው ብቅ ብሏል፤ በዚህ አገር ደስ ያለው እሱ ብቻ ነው። የስልክ እንጨቶቹ ጠላ እንደጠገበ ሰው አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ዘምመዋል። ሰማዩ ዝቅ ብሏል።

ወረታ፣ ከቀትር በፊት

መንታ መንገዱ ላይ የወታደር መኪኖች ተደርድረዋል። ከአስተዳደሩ ግቢ በር አንዲት እናት ጭቃ ላይ ተቀምጠዋል። ዳኛቸው የመጣበትን ለዘበኛው ሲናገር ሰምተው ተነሡ።

«ስልኩን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ? ቄሱ እኮ በዚሁ ስልክ ነው የታሰሩት፣ የኔ ጌታ!»

ወይዘሮ የሺ ይባላሉ፤ ታሳሪው ባለቤታቸው ቄስ አዳነ ናቸው። ገበሬ ማኅበሩ የስልኩን መስመር አባላቱን በየተራ ያስጠብቃል። ሽቦው የወደቀ ዕለት ተራው የቄሱ ነበር። እሳቸውም ውኃውን በደረታቸው ተሻግረው መጥተው ለጸጥታ ኃላፊው አመለከቱ፤ «ስልኩ ተቆረጠ» ብለው። ሁላችንም የምንለውን ነው ያሉት፤ ስልክ ሲጠፋ ተቆረጠ ነው የሚባለው። ኃላፊው ግን «ማን ቆረጠው?» አላቸው። የሚመልሱት ሲያጡ ታሰሩ።

ገብተን ኃላፊውን አነጋገርነው። ክፉ ሰው ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት እንቅልፍ ያጣና የፈራ ወጣት ነው።

«መልቀቅም ማቆየትም በራሴ አልችልም፤ ጎንደርን መጠየቅ አለብኝ። መስመሩን ቀጥሉልኝና ዛሬውኑ እጠይቃለሁ» አለ።

ይህን ስንነግራቸው ወይዘሮ የሺ መኪናው ጋ ቀድመውን ደረሱ።

ርብ አጠገብ፣ ከሰዓት በኋላ

መኪናው ከመንገዱ መውረድ አልቻለም። ጫማችንን አውልቀን ገባን። የቄሱ ጎረቤቶች ከየጉብታው ወርደው ተቀበሉን። እንጨቱ ከሥሩ በስብሶ ወድቋል፤ ሲወድቅ ሽቦውን ይዞት ሄዷል። ዳኛቸው ጫፉን አሳየን፤ ዝጓል፣ ተስቦም ቀጥኗል።

«ቢላም ጉጠትም አልነካውም። ተበጥሶ ነው» አለ።

«ተበጥሶ ነው!» አሉ ወይዘሮ የሺ፣ ዞረው ለጎረቤቶቻቸው።

አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወይ ቄስ አዳነ! ግዕዙን እንዲያ ሲያራቅቁት አማርኛው ይጣላቸው?»

ሁሉም ሳቀ፤ ወይዘሮ የሺም ሳቁ። ከጧት ጀምሮ የሰማሁት ሳቅ ይኸው ብቻ ነው።

ያ ጭቃ እንጨት አይዝም። ሰዎቹ ድንጋይ ከሩቅ ተሸክመው አምጥተው ጉድጓዱን ጠቀጠቁት፤ አዲስ ባሕር ዛፍ በገመድ ስበን አቆምን። ዳኛቸው ወጥቶ ሽቦውን ወጥሮ ቀጠለ። እጁ ተሰነጣጥቆ ደማ። ለመሥሪያ ቤቱ ብሎ እንዲህ ሲሠራ አይቼው አላውቅም።

ወረታ፣ ሲመሻሽ

ዳኛቸው የተበጠሰውን ጫፍ ቆርጦ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ኃላፊው አገላብጦ አየው።

«ገባኝ፤ ተበጥሶ ነው። እንዲህ ከሆነማ ይለቀቃሉ» አለ። ፊቱ ፈታ አለ። የስልኩን እጀታ አሽከርክሮ ጎንደርን ጠራ።

«ሃሎ! ወረታ ነው! አዎ ጓድ! ተቆርጦብን ነበር፤ አሁን ተቀጥሏል!»

ዳኛቸው ክንዴን ጨበጠኝ። ከወዲያ ጫፍ የመጣው ድምፅ ጥርት ብሎ ለእኛም ተሰማን። «ማነው የቆረጠው?»

«ተበጥሶ ነው በለው» አለ ዳኛቸው በሹክሹክታ። ኃላፊው አየን፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«ማነው የቆረጠው አልኩህ!»

«ቆራጩ አልተያዘም፣ ጓድ። ጠባቂው ግን ተይዟል።»

«ነገ በወታደር መኪና ጭነህ ላከው።»

መነጋገሪያውን አስቀመጠ። «አሁን ቃሌን ባጥፍ፣ ማንን ልትደብቅ ነው ይሉኛል» አለ፤ ለእኛ ይሁን ለራሱ አላውቅም። ዳኛቸው ለመነው፣ ከዚያም ጮኸበት። ዘበኛው መጥቶ አስወጣን። እኔ እንዲህ ተጭነው ከሄዱት ሲመለስ ያየሁት የለም።

ወይዘሮ የሺ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጎንደር ተገኘ?»

«ተገኘ፣ እትዬ» አለ ዳኛቸው። «ግን…»

«እሰይ! እጅህን ይባርከው!» የደማውን እጁን ስበው ሳሙት። «በሉ፣ ሲወጡ ቀድማ ሄዳለች በሏቸው። እራት ላሰናዳላቸው፤ ይኼኔ ርቧቸዋል።» ነጠላቸውን አገልድመው ቁልቁል ወረዱ።

ዳኛቸው ጠራቸው፤ አልሰሙትም። ደግሞ ሲጠራቸው ዞሩ። ፊታቸው ገና ፈገግ እንዳለ ነው።