መጽሐፉን የጠጣችው ልጅ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ልጅ ኬሚስትሪን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች ይባላል። ወሬውን ካመንን፣ የመጽሐፉን ገጽ ቁጥር ብቻ ሲጠሩላት ከላይ እስከ ታች በቃሏ ትወርደዋለች፤ ማተሚያ ቤቱ የተሳሳተውን ፊደል እንኳ ሳታርም።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ግን ይህን ወሬ መዋጥ አቅቷታል። የጠጣ ሰው እንዲህ ይጠማል እንዴ? ልጅቷ ዘወትር መስኮቱ ሥር ነው የምትቀመጠው። የሹራቧ እጅጌ በእርሳስ ጠቁሯል፤ ላጲሷ አልቆ የምስር ፍሬ አክሏል። ደብተሯ ከመፋቅ ብዛት ወንፊት ስለሆነ፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ሰው በቀዳዳው ሰላም ሊላት ይችላል። ከምሳ በፊት የጀመረቻት ጥያቄ አሁንም እዚያው ናት። ከንፈሯ ያነበንባል፣ እጇ ይጽፋል፣ ከዚያ ላጲሱ ይመጣል።

ፈተናው ሰኞ ነው። አምና በዚሁ ትምህርት ወድቃ ነው ክፍል የደገመችው፤ ዘንድሮ ከወደቀች ሌላ ዕድል የለም።

ሠራተኛዋ መጻሕፍት ልትሰበስብ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

"ልጄ፣ አንቺን ደግሞ ምን ያለፋሻል? ጠጥታዋለች ሲሉሽ አልነበር?"

ልጅቷ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

"እትዬ፣ ምሳሌው ላይ ጨዉ ሁለት ግራም ነው። ፈተናው ላይ ሦስት ግራም ካሉት አለቀልኝ። እኔ የማውቀው መጽሐፉን ነው፤ ኬሚስትሪ አላውቅም።"