የሐጂ ሰይድ እግር

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ዘመን አሰብ ሕክምና ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዋናው ድሬሰር አቶ ተኽለ ነጭ ጋዋን ሰጡኝና የመርፌ መቀቀያውን አሳዩኝ። «ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምረሃል፤ የሚከብደውን ከሰዓት በኋላ ታያለህ» አሉኝ።

የወሰዱኝ ሐጂ ሰይድ ቤት ነበር። ሐጂ ከወሎ ወርደው አሰብ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ ሰው ናቸው። በድንገት ወድቀው ግራ እጅና እግራቸው ሰንፎባቸዋል። ሐኪሙ ካልተራመዱ እግራቸው እንደሚደርቅ ተናግሯል። አቶ ተኽለ እግራቸውን እንዴት እንደማሽ፣ ጉልበታቸውን እንዴት እንደማጥፍና እንደምዘረጋ፣ ደግፌ እንዴት እንደማቆማቸው አሳዩኝ። «ከእንግዲህ ያንተ ናቸው» ብለውኝ ሄዱ።

ሐጂ መጀመሪያ ግድግዳ ይዘው ቆሙ። ቆይተው በከዘራ ግቢውን መዞር ቻሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ እልል አሉ። እኔም ሥራዬ ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም። የሙቀቱ ወራት ሲገባ ሐጂ ተኝተው ይጠብቁኝ ጀመር። አንድ ቀን ንፋሱ ያቃጥላል ይላሉ፤ በማግሥቱ ራሴን አመመኝ ይላሉ። በመጨረሻ መራመዱን ጨርሰው ተዉት። ይህን የሰሙት ታላቅ ወንድማቸው የሐጂን ሱቅ ዘግተው ወደ አገር ቤት ሊወስዷቸው ከደሴ መጡ። «የታመመ ሰው ያርፋል እንጂ ምን ያንከራትተዋል?» አሉኝ። እትዬ ዘይነባ በር ድረስ ሸኝተውኝ፣ «ልጄ፣ አገር ቤት ከተኛ ወላሂ አይነሳም» ብለው አለቀሱ።

አቶ ተኽለን፣ «ልቆጣቸው እንዴ?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ተቆጥተህ ዛሬን ታራምዳቸዋለህ። ከርሞስ? ይልቅ ለምን እንደተዉ ጠይቃቸው።»

ጠየቅኋቸው። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ «እኔ የማበራይ በሬ ነኝ? ግቢ ዞሬ ዞሬ የት ልደርስ ነው? ውጭ እንዳልወጣ ደግሞ ሰው ያየኛል። ጨርቅ የጫነ ሳንቡክ ጀልባ ሲመጣ ከማንም ቀድሜ ወደብ የምደርስ ሰው ነበርኩ» አሉኝ።

«አሁን ጨርቁን ማን ይመርጥልዎታል?»

«ሰው እልካለሁ። የማይረባውን ያመጣልኛል።»

«እንግዲያው ነገ ማለዳ አብረን እንሂድ።»

ሄድን። መንገድ ላይ ደጋግመን አረፍን፤ ወንድማቸው እያጉረመረሙ ከኋላ ይከተሉናል። ወደቡ ስንደርስ አሊ የሚባል የአፋር ወዛደር አየንና ሸክሙን ጥሎ፣ «ሐጂ! አህለን! የት ጠፉ?» እያለ መጣ። መቀመጫ የሚሆን ሣጥንም አቀረበላቸው። የሳቀባቸው የለም። ሐጂ አቡጀዲዱን በደህና እጃቸው ዳበሱና፣ «ይሄ ሳስቷል፣ መልሰው!» ብለው ከባለ ሳንቡኩ ጋር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተከራከሩ። ወንድማቸው ይህን አይተው እንውሰዳቸው ማለቱን ተዉ። በሳምንቱ ወደ ደሴ ብቻቸውን ተመለሱ።

ሐጂ ከዚያ በኋላም አቋርጠዋል። አንዴ በረመዳን፣ ሌላ ጊዜ ወባ ይዟቸው። አልወቀስኳቸውም፤ እንደገና ከግቢው ጀመርን። እኔ ወደ ምጽዋ መዛወሬ ሲታወቅ ግን አሊን ለመንኩት። ወደ ሥራ ሲሄድ በደጃቸው ስለሚያልፍ በየማለዳው እንዲጠራቸው ቃል ገባልኝ።

ከዓመታት በኋላ አሰብ ደርሼ ቤታቸውን አንኳኳሁ። እትዬ ዘይነባ ወጡ። «ሐጂ የሉም። አሊ ዛሬ ታሞ ቀረ፤ እሳቸው ብቻቸውን ወደብ ሄዱ» አሉኝ።

ተከትዬ ወርጄ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ግራ እግራቸው አሁንም ይጎተታል። አቅፈው ሳሙኝና፣ «እግሩ እንደነበረ ነው። እኔ ነኝ አልቀመጥ ያልኩት» አሉኝ።

በዚህ ሙያ ለምትሰሩ የማውቀው ይህን ነው። ሰውን አንድ ቀን ማራመድ ቀላል ነው። ለዓመታት እንዲራመድ ግን የሚሄድበት ጉዳይ፣ የሚጠራው ሰው ያስፈልገዋል። ሲያቋርጥ ሳትወቅሱ እንደገና አስጀምሩት።