ከገበያ ወሰዱን

ባለፈው ሳምንት ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ካለች ትንሽ ሱቅ ለውዝ ገዛሁ። ሻጯ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጥቅሉን ስፈታ የወረቀቱና የአቧራው ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ለውዙን ረስቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። ምን እንዳስታወሰኝ ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ በሰፈራው ዘመን። ጋዜጣ ጋምቤላ የሚደርሰው በአውሮፕላን፣ ዜናው ካረጀ በኋላ ነበር። የአማርኛ መምህራችን ግን አርብ አርብ ብብታቸው ሥር ሸጉጠውት ይመጣሉ። የክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ራስ ያዞራል፤ በመስኮቱ የባሮ ወንዝ ጭቃ ሽታ ይገባል። አንዱን ዜና ጮክ ብለው ያነቡልንና «እስቲ የማያስፈልገውን ቃል አውጡልኝ» ይሉናል። እኔ ቤት የማወራው አኙዋክኛ ስለነበር አማርኛ የጣፈጠኝ በዚያ ጨዋታ ነው። «ከፍተኛ»ን እናወጣለን፣ «በደመቀ ሁኔታ»ን እናወጣለን፤ ዜናው ግማሽ ሲሆን እንስቃለን። «ተደረገ» የሚል ካጋጠማቸው ደግሞ «ማን አደረገው? ጸሐፊው አልነገረንም» ይላሉ። ዛሬም ዜና ስሰማ ይህን ጥያቄ እጠይቃለሁ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ከወሎ የመጣች ሰፋሪ ነበረች። ከተማ ውስጥ አንድ ሙስሊም ባለሱቅ ቤት እያገዘች ትማራለች። ስሟ ተጠርቶ እንኳ የምትመልሰው አቀርቅራ ነው።

አንድ አርብ መምህራችን ስለ ሰፋሪዎች የተጻፈ ዜና አነበቡ። የመረጡት «ለምለም» የሚለው ቃል ስለተደጋገመበት ነበር፤ ሌላ ያሰቡት ያለ አይመስለኝም። ሰፋሪዎቹ በፈቃዳቸው፣ በደስታ እየዘፈኑ ወደ ለምለሙ ምድር ገቡ ይላል። «ለምለም»ን ለማውጣት ስንሻማ ልጅቷ ተነሳች።

«ጋሼ፣ ‹በፈቃዳቸው› የሚለው ስህተት ነው» አለች።

«እንዴት?»

«እኔን ከገበያ ነው የጫኑኝ፣ ጨው ልገዛ ወጥቼ። እናቴ እስካሁን የት እንደገባሁ አታውቅም።»

ቆርቆሮው በሙቀቱ ሲንጣጣ ይሰማል። መምህራችን ወደ በሩ ተመለከቱ። «ተቀመጪ» ሊሏት ይችሉ ነበር። ጠመኔ አነሱና «ታዲያ እንዴት ብለን እንጻፈው?» አሏት።

«ከገበያ ወሰዱን። እናቴ አላወቀችም።»

እንዳለችው ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ትንሽ አዩትና «ከዚህ የሚወጣ ቃል የለም» አሉ።

ሰኞ አልመጡም። ርዕሰ መምህሩ ገብተው «መምህራችሁ ለጥያቄ ተፈልገዋል» ብለውን ወጡ። ከኋላ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ «ማን ፈለጋቸው?» አለ። የሳቀ የለም።

ልጅቷ «በኔ ምክንያት ነው» ብላ እህል አልቀምስም አለች። መጨረሻ ላይ እኔና እሷ ተያይዘን ወደ መምህራችን ቤት ሄድን። ባለቤታቸው ወደ ወላጆቻቸው ሊመለሱ እቃቸውን በጆንያ ይከታሉ፤ ሆዳቸው ገፍቷል። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ተንበረከከች።

«እትዬ፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ጆንያውን ለቀው ወደ እሷ ዞሩ። ሊጮሁባት ነው ብዬ እጇን አጥብቄ ያዝኩ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። «የዚያን ዕለት ራቱን ሳይቀምስ ስላንቺ ነው ያወራኝ። ‹ዛሬ አንዲት ልጅ እውነተኛ ዜና ጻፈች› አለኝ። ፈርቶ ነበር። ግን እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ተነሺ ልጄ።» በነጠላቸው ጫፍ ፊቷን ጠረጉላት።

መምህራችን አልተመለሱም። የት እንደደረሱ የነገረን ሰው የለም።

ደርግ ሲወድቅ ሰፋሪዎቹ ወደየሀገራቸው መመለስ ጀመሩ። ልጅቷም በጭነት መኪና ስትሄድ ሸኘኋት። መንገድ ላይ እንዳይበላሽባት ጥሬ ጥሬውን መርጣ አንድ ዘንቢል ማንጎ ይዛለች።

«ለእናቴ ነው፤ ማንጎ በልታ አታውቅም» አለችኝ።

እናቷ በሕይወት ትኑር አትኑር ሁለታችንም አናውቅም ነበር። መኪናው ላይ ከወጣች በኋላ ዘንቢሉን አቀበልኳት።