ከሰባተኛው ጉድጓድ ጀርባ

እትዬ ሞሪሴት ጎልፍ የሚጫወት ሰው አይወዱም። ጎረቤታቸውን እኔን የሚታገሡኝ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የዚህችን መንደር ዳቦ የጋገርኩ ሰው ስለሆንኩ ብቻ ነው። ባለፈው መስከረም ዝናቡ ባባራ ማግስት መጥተው «ጎልፍ ሜዳ ውሰደኝ» ሲሉኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

«በዚህ ዕድሜዎ የጎልፍ ዱላ ሊይዙ?»

«ዱላህን እዚያው ቆልፍበት። እኔ የምፈልገው መያዣ ቦርሳውን ነው።»

ጎልፍ ሜዳው ዱሮ የአባታቸው እርሻ ነበር። ኳስ ከሚከተትባቸው ጉድጓዶች ከሰባተኛው ጀርባ ባለችው ትንሽ ጫካ ውስጥ አባታቸው እንጉዳይ የሚለቅሙባት ቦታ አለች። በእኛ በፈረንሳይ ገጠር፣ በሊሙዛን፣ ሰው ሌላ ገመናውን ሁሉ ይዘረግፍልሃል እንጂ እንጉዳይ የሚለቅምበትን አይነግርህም፤ ለሚስቱም ቢሆን። አባትየው ቦታዋን ለሞሪሴት ብቻ አሳይተው ሞቱ። ጎህ ሳይቀድ ቅርጫት ይዘው፣ ተከታይ እንዳይኖር እየተገላመጡ፣ አባትና ልጅ ጤዛውን ረግጠው የሚሄዱበትን ጠዋት ሲያወሩ የእትዬ ሞሪሴት ፊት የልጅ ፊት ይሆናል።

ከዚያ ወንድማቸው ፌርናን መሬቱን ለጎልፍ ሰዎች ሸጠ። እትዬ ሞሪሴት ያን ቀን ፊታቸውን አዞሩበት። ሊያስረዳ ቢመጣም በር አልከፈቱለትም። ዳቦ ቤቴ እንኳ አንዱ ሲወጣ ነበር ሌላው የሚገባው።

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?» አልኳቸው።

«ጉልበቴ ከዳኝ። ለከርሞ አልደርስባትም። የአባቴን ቦታ ሳላያት መሞት አልፈልግም» አሉ።

ሜዳው ላይ ተጫዋችና ቦርሳ ያዥ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ እሳቸው ቦርሳ ያዥ ሊሆኑ፣ ቅርጫቱም ቦርሳው ውስጥ ሊደበቅ ተስማማን። እንጉዳዩ እስኪፈላ ሳምንት ልንጠብቅ ወሰንን።

«ቅርጫቱ ከገባ ዱላው የት ይገባል?» ብል፣

«ሁለት ይበቃሃል። ሁሉንም ብትሸከም ያው አንተው ነህ» አሉኝ።

ቦታ ለማስያዝ ደወልኩ፤ እሳቸውም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። የጎልፍ ሜዳዋ ሴትዮ ቀኑን መዘገበችና፣ «ቦርሳ ያዥ ይቻላል። ከሰባተኛው ጀርባ ያለችው ጫካ ውስጥ ግን አይገባም። ኳስ ቢገባም ትተውት ይሂዱ» አለች።

«ለምን?»

«አቶ ፌርናን ሲሸጡልን ቃል አስገብተውናል። ‹ጫካዋ አትቆረጥም፣ እንጉዳይም አይለቀምባትም፤ የእህቴ ናት› ብለው። እሳቸውም ራሳቸው ገብተው አያውቁም። እህትየው እንደሆኑ አንድ ቀን አልመጡም።»

እትዬ ሞሪሴት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ያውቅ ነበር?» አሉ። «ቦታዋን ያውቅ ነበር?»

ሴትዮዋን አመስግኜ ዘጋሁ። እንባቸው ዝም ብሎ ይወርዳል። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ፤ የወንድማቸውን ቁጥር ማንንም ሳይጠይቁ ደወሉ።

«ፌርናን? እኔ ነኝ።»

ከወዲያ በኩል የለቅሶ ድምፅ ተሰማ።

«አታልቅስ፣ አንተ ጅል! ጎህ ሳይቀድ አብረን ጤዛ ልንረግጥ ነው፤ ቦት ጫማህ ውሃ ያስገባል?»