የካርቶኗ ላቲና

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አውቶቡስ ስጠብቅም፣ ቲማቲም ስመርጥም፣ ሊፍት ውስጥ ስገባም መልኬን አይቶ በስፓኒሽ የማያናግረኝ ሰው የለም። መጀመሪያ ሰሞን «ኖ ስፓኒሽ» እያልኩ እሳቀቅ ነበር፤ አሁን ራሴን ነቅንቄ አልፋለሁ። እኛ ሀበሾችም ብንሆን አንሻልም። ከሜክሲኮ እስከ ፔሩ ያለውን ሕዝብ በሙሉ «ስፓኒሽ» ብለን ጠቅልለን ከጨረስነው ቆይተናል።

አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ሞል ውስጥ ሜካፕ እሸጣለሁ። አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ የኤልሳልቫዶር ሴት ናት፤ አጠር ያለች፣ ፊቷ ክብ፣ ጠይም፣ ስትስቅ ሱቁ ውጭ ድረስ የምትሰማ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየሬስቶራንቱ ኩሽናና ከየሆቴሉ የሚመጡት ያገሯ ሴቶች እሷን ካጡ ዞረው ይሄዳሉ። ግድግዳችን ላይ የተሰቀሉት ፎቶዎች ግን ሁሉም የአንዲት እናት ልጆች ይመስላሉ፤ አፍንጫቸው ቀጭን፣ ዓይናቸው ሰማያዊ። ፊት ላይ የሚቀባው ፋውንዴሽንም ከዚያው ነው። ነጣ ነጣ ያሉት በዛጎል፣ በሐርና በዕንቁ ስም ተጠርተው ወደ እኛ ሲደርስ ካራሜል፣ ቶፊና ቸኮሌት ይሆናል። እኛን ሲያዩ ሳይርባቸው አይቀርም።

ባለፈው ዓመት ዋናው መሥሪያ ቤት ላቲና የሚባሉ፣ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ሴቶች መኖራቸውን ድንገት ደረሰበት። እነዚህ ሴቶች ሜካፕ ይገዛሉ፣ ፎቶ ላይ ግን የሉም ተባለ። ስለዚህ ከሠራተኞች መካከል አንዲት «እውነተኛ ፊት» ተመርጣ፣ ከነሙሉ ቁመናዋ በካርቶን ተሠርታ በየሱቁ በር ልትቆም ነው። ሁላችንም ፎቷችንን እንድንልክ ታዘዝን፤ እኔም ትእዛዝ ነውና ላክሁ።

ጓደኛዬ ግን ከልቧ ነበር የላከችው። አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ አለቻት። ልጅቷ ወደ ሱቃችን በመጣች ቁጥር ለመሞከሪያ ከተቀመጡት ጠርሙሶች ከቆዳዋ ሁለት ደረጃ የነጣውን አንስታ ትቀባለች፤ ፊቷና አንገቷ አይተዋወቁም። አንድ ቀን እናቷ ስትቆጣት ግድግዳውን አሳይታ፣ ከእነዚህ ውስጥ እኛን የምትመስለው የቷ ናት ብላ ጠየቀቻት።  ይህን ስትነግረኝ፣ በሁሉ ነገር የምትስቀው ሴት አልሳቀችም።

«አንድ ጊዜ እዚያ ላይ ብታየኝ ይበቃኛል» አለችኝ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከችው ሴትዮ የመጣች ዕለት ጓደኛዬ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሳ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ሴትዮዋ የተዘረጋላትን እጅ እንደ ነገሩ ነካ አድርጋ አለፈችና የእኔን ሁለት እጆች ጨብጣ ስፓኒሽ ታወርድብኝ ጀመር። ፎቶዬን ወደውታል። የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ነገርኳት። ምንም አልደነገጠችም።

«ችግር የለውም» አለች። «ፊትሽ ላቲና ይላል።»

አጠገቤ የቆመችው የኤልሳልቫዶር ሴት ፊት ምን እንደሚል አልጠየቀችም። ደሜ ፈላ። ላቲና ከፈለግሽ ይችውልሽ ብዬ ጓደኛዬን ባሳያት፣ ሴትዮዋ ለሥራው በጣም ጠቃሚ ሠራተኛ መሆኗን ብቻ መሰከረችላት። እንቢ አልኩ።

ውድብሪጅ ያለችው አክስቴ ይህን ስትሰማ ተናደደች፤ በእነሱ ሳይሆን በእኔ። ነገ ጠዋት ኮል አድርጌ ሶሪ እንድላቸው መከረችኝ። የሀበሻ መልክ የትም ቢሄድ ይመረጣል ማለት ነው፣ ምን አስከፋሽ ትለኛለች። የእኛ ኩራት እንዲህ ነው። በሌላ ሰው ቦታ ቢያቆሙንም ስላማርን ነው ብለን ቀና እንላለን።

እኔ እንቢ ካልኩ እሷን ይወስዳሉ ብዬ ነበር። አልወሰዱም። ሠራተኛ የመምረጡ ሐሳብ ቀርቷል ተባለና በሁለት ወሩ ካርቶኗ መጣች። ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል፣ ወገቧ የለም ማለት ይቻላል። ከየት እንዳመጧት አናውቅም። ጥቁር ጸጉሯና ጆሮዋ ላይ የሻጡባት ቀይ አበባ ባይኖር ኖሮ ግድግዳው ላይ ካሉት እህትማማቾች አትለይም ነበር። ከእግሯ ሥር «በመጨረሻ፣ እኛ ራሳችን» ተብሎ ተጽፏል። ጓደኛዬ አንብባው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለልጇ ምን ትላት ይሆን እያልኩ የማስበው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሱቁ ሞላ። ጓደኛዬ እንደ ልማዷ ብርሃን በሚገባበት በሩ አጠገብ ደንበኞቿን ተራ በተራ እያስቀመጠች ትቀባለች፤ ካርቶኗ ልክ ከኋላዋ ቆማለች። ካርቶኗ የተቀባችውን ሊፕስቲክ ስጡኝ ያለ አንድም ሰው አላየሁም። ሴቶቹ የጓደኛዬን ከንፈር እያሳዩ «ይሄንን» ይላሉ። ልጅቷም መጥታ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ያንኑ ነጭ ተለቅልቃለች፣ ስልኳ እጇ ላይ ነው።

ማናጀራችን መጣች። ሰው አክባሪ ናት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«ይቅርታ፣ ካርቶኗን ከልለሻታል። ትንሽ ፈቀቅ ብትዪ?»

ጓደኛዬ ቤት የምታስተዳድረው በዚህ ሥራ ነው፣ ምን ትበል? ብሩሾቿን መሰብሰብ ጀመረች። የተቀመጠችው ደንበኛ ከንፈሯ በግማሽ እንደተቀባ ግራ ገብቷት ታያታለች። እኔ አፌን ልከፍት ስል ልጅቷ ቀደመችኝ። ከወንበሯ ተነስታ ስልኳን ወደ እናቷ ደግናለች።

«ማሚ፣ እዚያው ሁኚ፣ ቀጥዪ። ፎቶ ላነሳሽ ነው» አለች በእንግሊዝኛ። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «ያቺን ካርቶን ዞር ታደርጊልኛለሽ? ፎቶው ውስጥ እየገባች ነው።»

ማናጀሯን ማየት አልፈለግሁም። ካርቶኗን ወገቧን ይዤ ከጥፍር ቀለም መደርደሪያው ጀርባ ወስጄ አቆምኳት። ምንም አልከበደችኝም።